«ካለ» ያላልኩባት አርብ

ሳምቡሳውን የገዛሁት ርቦኝ አልነበረም። አንድ ቦታ ቆሜ መጠበቅ ስለማይሆንልኝ፣ እጄም አፌም ሥራ ያግኙ ብዬ ነው። ሐይቅ ከተማ ባጃጆቹ ተራ በሚይዙበት ማዕዘን ላይ አንዲት ሴት ምስር የተሞላ ሳምቡሳ ትጠብሳለች፤ ትኩሱን ከአሮጌ ደብተር በተገነጠለ ወረቀት ጠቅልላ ታስይዛለች። ልጄ ትናንት ከአዲስ አበባ ደውላ «አባ፣ ቅዳሜ እመጣለሁ» አለችኝ። እንዲሁ፣ ባዶውን፣ ምንም ሳታስከትልበት። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ መቀመጫዬ ወንበር ላይ አልረጋ አለ። ዛሬ ገና አርብ ነው፤ ቅዳሜ የምትመጣ ልጅ አርብ አትጠበቅም። ይህን አሳምሬ አውቃለሁ፤ ግን እግሬን ማን ያስረዳው? ከጠዋት ጀምሮ ሦስት ጊዜ ወደ አስፋልቱ ወርጄ፣ ከደሴ በኩል የሚመጡትን ሚኒባሶች አይቼ ተመልሻለሁ። ሚስቴ «አንተ ሰውዬ፣ ወይ ግባ ወይ ውጣ!» ብላ በሩን ዘግታብኛለች።

ሳምቡሳው አለቀና ወረቀቱን ልጥለው ስል፣ በዘይት ወዝቶ በሚያበራው ገጽ ላይ የእንግሊዝኛ መልመጃ አየሁ። ከሠላሳ ዓመት በላይ ደብተር ያረመ ዓይን ጡረታ ወጣ ቢባልም አያርፍም፤ እዚያው ማረም ጀመርኩ። «ኢፍ» የሚባለው ምዕራፍ ነው። በአማርኛ «ከሆነ» የምንልበት፣ አንዱ ነገር ሲሟላ ሌላው እንደሚከተል የሚነገርበት። ሕጉ ቀላል ነው፤ «ኢፍ» ባለበት በኩል ግሱ የአሁን ጊዜ ይሆናል፣ በወዲያኛው በኩል «ዊል» ይገባል፣ አለቀ። ጽሕፈቱ የሚያምር አንድ ልጅ፣ ወይም አንዲት ልጅ፣ አራተኛው ጥያቄ ላይ «ኢፍ ጋድ ሴድ፣ አይ ዊል ፓስ» ብሎ መልሷል። «እግዜር ካለ አልፋለሁ» ማለቱ ነው። «ሴድ» ግን «አለ» ነው፣ ያለፈ ጊዜ፤ «ሴይዝ» መባል ነበረበት። መምህሩ በቀይ ኤክስ ገብቶበታል፤ ከመጫኑ ብዛት ወረቀቱ ተቀዷል። ባጃጆቹ መሀል ቆሜ ብቻዬን ከት ብዬ ሳቅሁ። እኔ በልጅነቴ የተገረፍኩበት ስሕተት እስካሁን በሕይወት አለ! አንዱ ባለባጃጅ «ፋዘር፣ ሎተሪ ደረሰዎት እንዴ?» አለኝ። ከሳቁ በኋላ ግን አንዲት የድሮ አርብ ትዝ አለችኝ። ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትኩና እንደገና መሄድ ጀመርኩ።

ሐይቅ ያኔ፣ እኔ ተማሪ ሳለሁ፣ አስፋልቱን ይዛ የተሰለፈች አንድ ረድፍ ቤት ነበረች ማለት ይቀላል። ከጀርባዋ ውሃው፣ ከፊቷ የጭነት መኪናው። አሁን የሞባይል ካርድ የሚሸጥበት ሱቅ ያኔ ልብስ ሰፊ ነበረበት፤ በረንዳው ላይ የስፌት መኪናውን እያንገጫገጨ የጎረምሳውን ሁሉ ሱሪ ከጉልበት በታች ያሰፋ ነበር። ቤልቦተም ያልነበረው ወንድ ወንድ አልነበረም። እኔ ግን ወንድሜ የተወልኝን ሱሪ ነበር የማደርገው፤ ቤልቦተም እንዲመስልልኝ ከታች ተርትሬ የሌላ ጨርቅ ቁራጭ አስገባሁበት፤ ቁራጩ ሰማያዊ፣ ሱሪው ካኪ። ጫማዬ ኮንጎ፤ በፀሐይ ሲሞቅ እግር የሚቀቅለው ያ የፕላስቲክ ጫማ። ዳቦ በአሥር ሳንቲም፣ ባለ ሃምሳ ሉክ ደብተር በስሙኒ ነበር። ከውሃው ዳር የተጠበሰ ቆሮሶ ዓሣ በጋዜጣ ተጠቅልሎ ይሸጥ ነበር፤ የዓሣውን እሾህ እየለቀምን ጋዜጣውን እናነባለን፣ ዜናው ሁልጊዜ ግማሽ ነበር። ሻይ ቤቱ ሬዲዮ ነበረው። አምባሰል ቅኝት ሲጀምር አስተናጋጁ ሳይቀር ብርጭቆ እንደያዘ ይቆማል። እኛ ከአምባሰል በኩል የመጣን ልጆች ደግሞ ዘፈኑን አባቶቻችን የሠሩት ይመስል ደረታችንን እንነፋ ነበር።

«እኛ» የምለው እኔና ሰይድን ነው። ከአንድ መንደር ነን፤ ከሐይቅ ወደ ውጫሌ በሚወስደው መንገድ ሄደን፣ ከአስፋልቱ ተገንጥለን ሽቅብ የምንወጣበት አገር። አባቴ የመንደራችን ቤተ ክርስቲያን መሪጌታ ነበሩ፤ ዜማ ያስተምራሉ፣ የግእዝ ግስ ያስቆጥራሉ። የሰይድ አባት አያ ሁሴን እህል ነጋዴ ነበሩ፤ ኤንትሬ የሚባለው ያ ፊቱ የፈረጠመ የጭነት መኪና ነበራቸው። ሁለቱ አባቶች አጥር ለአጥር ነበሩ፣ ሐይቅ አንድ ክፍል ተከራይተውልን አንድ አልጋ ላይ አስተኙን። እኔ ስጾም ሰይድ ይበላል፣ ሰይድ ሲጾም እኔ እበላለሁ፤ ስንቃችን የበረከተው በዚህ ነው እያልን እንስቅ ነበር። አባቴ ዘመናዊ ትምህርት አልጠሉም፣ ግን አላመኑትም። ልጃቸው ዜማውን ቢይዝላቸው ይመርጡ ነበር። «እስቲ ይሞክረው፣ እግዜር ካለ» ብለው ነው የላኩኝ። «ካለ» ሳይሉ ስለ ነገ አንድ ቃል ሲናገሩ ሰምቻቸው አላውቅም።

የእንግሊዝኛ አስተማሪያችን ቲቸር ታደለ ከአዲስ አበባ የመጣ ጎረምሳ ነበር። ጸጉሩ ክብ፣ ሱሪው እንደ ጃንጥላ ሰፊ፣ ማስመሪያው ረጅም። ያንን ምዕራፍ ሲጀምር ጥቁር ሰሌዳውን መሀል ለመሀል በጠመኔ ከፈለው። «እዚህ ቤት ኢፍ ይኖራል። እዚያ ቤት ዊል ይኖራል። ኢፍና ዊል አንድ ቤት አያድሩም! ገባችሁ?» አለ። ከዚያ ምሳሌ ሰጠ፤ ዝናብ ከዘነበ እቤት እቀራለሁ። ሰይድ እጁን አወጣ። «ቲቸር፣ ዝናብ ከዘነበማ እቤት አይቀርም። በሬ ነው የሚጠመድ።» ሳቁ ጣራውን አነቃነቀው። ቲቸር ታደለ አልሳቀም፤ አራሽ አገር መምጣቱ የገባው ያን ቀን ይመስለኛል።

«እሺ፣ ራሳችሁ ምሳሌ ጻፉ» ብሎ አዘዘን። አርባ ምናምን ደብተር ሰብስቦ ቤቱ ወሰደ። በማግሥቱ ሲመጣ ፊቱ ቀልቶ ነበር። የክርስቲያኑ ልጆች በሙሉ «ኢፍ ጋድ ሴድ»፣ የእስላሞቹ ልጆች በሙሉ «ኢፍ አላህ ሴድ» ብለን ጀምረናል። ማን ከማን ገለበጠ? ማንም ከማንም አልገለበጠም። ስለ ነገ ጻፉ ተባልን፤ ስለ ነገ ሲነገር አፋችን የሚጀምረው ከዚያ ነው። «ካለ» ውስጥ ያለው «አለ» ደግሞ ያለፈ ነው፤ በአማርኛ ገና ያልዘነበውን ዝናብ «ከዘነበ» ብለን እንደ ዘነበ አድርገን አይደል የምናወራው! እኛ ቃል በቃል ነው የወሰድነው። ቲቸር ታደለ እያንዳንዳችንን በማስመሪያው መዳፋችን ላይ አንዳንድ አቀመሰን፤ ከዚያ አንድ ነገር አመለጠው። «ከዛሬ ጀምሮ በእንግሊዝኛ ክፍል ውስጥ እግዜርም አላህም ምንም አይሉም!» አለ።

ይህች ቃል ገበያ ለመድረስ ሦስት ቀን አልፈጀባትም። መንደራችን ስትደርስ ደግሞ አድጋና ወፍራ ነበር፤ «ልጆቹን እግዜር የለም በሉ ብሎ ይገርፋል» ሆናለች። ሰኞ ጠዋት በመስኮት ስናይ ኤንትሬዋ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆማለች። ከአንዱ በር አያ ሁሴን፣ ከሌላው አባቴ ጥምጥማቸውን እያስተካከሉ ወረዱ። ሁለቱ አንድ ላይ ከመጡ ሁለታችንም ወደ መንደር ልንመለስ ነው ማለት ነው። እኔ ደግሞ በዚያ ዓመት እንግሊዝኛውን ወድጄው ነበር፤ ያን ሁሉ ግርፊያ እየቀመስኩ ወድጄው ነበር። ከወሰዱኝ በወሩ ዜማ ልማር ሩቅ አገር እንደምሄድ አውቃለሁ።

ቲቸር ታደለ ክፍሉ በር ላይ ተቀበላቸው። «መምህር» አሉ አባቴ፣ «እዚህ ቤት እግዜር ምንም አይልም ተባለ ሲሉ ሰምተን ነው የመጣን።»

«እኔስ ወላሂ ልጄን ላወጣው ነው» አሉ አያ ሁሴን። «ኢንሻ አላህ ማለት የረሳ ልጅ ምን ይሆነኛል?»

«አባቶቼ፣ እኔ ፈጣሪን አልነካሁም፤ ግሱን ነው ያረምኩት» አለ ቲቸር ታደለ። በዚያ ዘመን ከወላጅም ከላይም ክስ ቢመጣ ለአስተማሪ ቀላል አልነበረም።

«ግሱን?» አባቴ ነቃ አሉ። «ግስማ እኔም አስተምራለሁ። እስቲ አሳየኝ።»

ገቡ። አርባችንም ተነስተን ቆምን። ቲቸር ታደለ ሰሌዳው ላይ ጽፎ፣ እየጠቆመ አስረዳ፤ ገና ያልሆነ ነገር በእንግሊዝኛ ሲነገር «ኢፍ» ዘንድ ያለው ግስ ያለፈ ጊዜ አይሆንም፣ የአሁን ይሆናል። አባቴ አንገታቸውን ሰበር አድርገው ሰሙ። «በግእዝ ‹እመ ፈቀደ› ነው የሚባል» አሉ። «‹ፈቀደ› ቀዳማይ ነው፣ ያለፈ። በአማርኛውም ‹ካለ›፣ ያለፈ። ልክም ነው። እሱ የሚለውን ድሮ ብሎ ጨርሷል፤ ያልሰማን እኛ ነን። ታዲያ በእንግሊዞቹ ዘንድ ገና አላለም ልትለኝ ነው?»

አንድ ልጅ ከኋላ ሳቁ አምልጦት ፕስ አለ። ቲቸር ታደለ ጠመኔውን እንደያዘ ሰሌዳውን አየ፣ አባቴን አየ፣ ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲስቅ አየነው። «መሪጌታ፣ በእንግሊዞቹ ዘንድ ገና በማለት ላይ ነው» አለ።

«እንዲያ ከሆነ መልካም። ይቆዩ፣ ይሰማሉ» አሉ አባቴ፤ እሳቸውም ሳቁ።

ፍርዱን የሰጡት አያ ሁሴን ናቸው። እህል ሲስማሙ እንደሚያደርጉት እጃቸውን አጋጭተው «እንዲህ ይሁን» አሉ። «ልጆቹ ክፍል ሲገቡ አንዴ ‹አላህ ካለ፣ እግዜር ካለ› ይበሉ። ለዚያ ቀን ለሚጻፈው ሁሉ ይያዝላቸው። ከዚያ በኋላ እንደ እንግሊዙ ይጻፉ። አብሽር መምህር!» ስምምነቱ ጸና። ከዚያ ቀን ጀምሮ የእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ ሲገባ አርባችን በአንድ ድምፅ ያንን ብለን እንቀመጣለን፤ ከዚያ ያለ ሐሳብ፣ ያለ ፍርሃት ነገን እንደ ልባችን እንጽፋለን። ከሠራሁ አልፋለሁ። ከመጣህ እሰጥሃለሁ። እንዴት ያለ ነገር ነበር! ከአፌ ላይ ልጓም የወለቀልኝ መሰለኝ። እኔ ካልኩ እኔ ነኝ፣ ሌላ ማንም መሀል አይገባም።

ቀስ በቀስ ይህ ነገር ከእንግሊዝኛው ወደ አማርኛዬ ሰረገ። ለበዓል ቤት ስገባ «ነገ እንጨት እፈልጣለሁ» እላለሁ። አባቴ ከተቀመጡበት «እግዜር ካለ በል» ይሉኛል። «አንዴ ጠዋት ብያለሁ፣ ተይዞልኛል» እላቸዋለሁ፤ ይስቃሉ። አንድ ቀን ልፈትናቸው ብዬ «አባ፣ እስቲ እርስዎም ‹ካለ› ሳይሉ አንድ ነገር ይናገሩ» አልኳቸው። አሰቡ። «ነገ… ማሕሌት እቆማለሁ» አሉ። ድል አደረግኩ ብዬ ላጨበጭብ ስል ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። በሹክሹክታ ጨምረውባታል። እኔ ግን እየባሰብኝ ሄደ። ጎረምሳ ነበርኩ፤ «ካለ» ማለት ቀድሞ ሰበብ ማስቀመጥ ነው፣ ላለመምጣት ያሰበ ሰው የሚሸሸግበት ጥግ ነው እያልኩ ለሰይድ እሰብክለት ነበር። ሰይድ «ኧረ ተወና፣ አፍህ ይዞህ እንዳይጠፋ» ይለኝ ነበር።

አልፌ ደሴ መምህራን ማሠልጠኛ ገባሁ። ከሐይቅ ደሴ ቅርብ ናት፣ መኪና ከተገኘ አንድ ሰዓት እንኳ የማይሞላ መንገድ። የአባቴ ዓይን መጋረድ የጀመረው በዚያ ወቅት ነው። መጀመሪያ ደቂቁን ፊደል፣ ቀጥሎ ትልቁን፣ ከዚያ የሰውን መልክ። ብራናውን አፍንጫቸው ድረስ አስጠግተው ሲያዩ፣ የሚያሸቱት እንጂ የሚያነቡት አይመስልም ነበር። የዓይን ሞራ ነው። አንድ ቀን ሞራ የሚገፉ ሐኪሞች ለአንድ ሳምንት ደሴ ሊመጡ ነው የሚል ማስታወቂያ አየሁና ሮጬ ስማቸውን አስመዘገብኩ። የደረሳቸው ተራ የመጨረሻው ቀን፣ ቅዳሜ ጠዋት ነበር። ከዚያ በፊት ባለው እሑድ መንደር ሄጄ ነገርኳቸው።

«አባ፣ አርብ ጠዋት እመጣለሁ። አብረን እንሄዳለን። እኔ ዘንድ ያድራሉ፣ ቅዳሜ ይታያሉ» አልኳቸው። ብዬም ጠበቅኋቸው፤ «እግዜር ካለ በል» ይሉኛል፣ እኔም እንደ ልማዴ እስቃለሁ ብዬ። አላሉኝም። ፊታቸውን ወደ ድምፄ አዘንብለው «በል ሂድ፣ መኪና እንዳያመልጥህ» አሉ። የረታኋቸው መሰለኝ። ቁልቁለቱን ስወርድ እያፏጨሁ ነበር።

አሁን የምለውን ቆሜ ነው የምለው፤ ተቀምጬ ተናግሬው አላውቅም። አርብ ጠዋት ለባብሼ መናኸሪያ ልወርድ ስል አንድ የማሠልጠኛ ጓደኛዬ የኪነት ቡድን ከሰዓት በኋላ አዳራሹ ውስጥ እንደሚያሳይ፣ ለሁለታችንም መግቢያ እንደያዘልን ነገረኝ። አስቡት፣ ያኔ እንዲህ ያለ ነገር በዓመት አንዴ ነው። ቆሜ አሰላሁ። ነገ ማለዳ ተነስቼ አመጣቸዋለሁ፣ የሐኪሞቹ ተራ እስከ ምሳ ይቆያል፣ ምን ልዩነት አለው? ቀረሁ። ዘፋኟ ቀሚሷ እስከ ምድር ነበር፣ ጌጧ ያብለጨልጫል፤ አምባሰል ስትጀምር አዳራሹ ተነስቶ ቆመ። እኔ ከሁሉ በላይ አጨበጨብኩ፤ ከጎኔ ለተቀመጠው ለማላውቀው ሰው ሳይቀር «አገሬ እኮ ነው፣ አምባሰል አገሬ ነው» እለው ነበር።

ቅዳሜ ማለዳ መናኸሪያ ስደርስ ባዶ ነው። አውቶቡሶቹ በሙሉ ለሆነ ሰልፍ ሰው ለማጓጓዝ ታዝዘው ተወስደዋል። ወዲያ ወዲህ ሮጥኩ። አንዱን ሹፌር ለመንኩ፣ ሌላውን ተሳደብኩ። መጨረሻ ላይ በእግሬ ጀመርኩ፤ ብዙ ከሄድኩ በኋላ አንድ የአሸዋ መኪና ጫነኝ። የመንደራችን መገንጠያ ስደርስ ፀሐይ አዘቅዝቃ ነበር። አያ ሁሴን አስፋልቱ ዳር ጎማ ሲያስቀይሩ አገኘኋቸው። ሲያዩኝ እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጫኑ።

«ኧረ አንተ ልጅ፣ የት ገብተህ ነው? አባትህ ትናንት ከጠዋት ጀምረው እዚህ ድንጋይ ላይ ነበሩ። ወደ ደሴ ስሄድ መኪናዬን አቁሜ ‹መሪጌታ ይውጡ፣ እኔ አደርስዎታለሁ› አልኳቸው። ‹ልጄ ይመጣል፣ እንዳንተላለፍ› አሉኝ። ‹ባይመጣስ?› ብላቸው ምን አሉኝ መሰለህ? ‹እግዜር ካለ አላለኝም፤ እመጣለሁ ነው ያለኝ› አሉኝ። አንድ ነገር ቢያውቁ ነው ብዬ ትቻቸው ሄድኩ። ማታ ስመለስም እዚሁ ናቸው። ዛሬም እስከ ቀትር ነበሩ።»

ዳገቱን እንዴት እንደወጣሁት አላስታውስም። አባቴ በራፍ ላይ፣ ነጭ የአደባባይ ልብሳቸውን እንደለበሱ፣ ትንሽ የስንቅ ቋጠሮ ከጎናቸው አስቀምጠው ተቀምጠዋል። የእግሬን ኮቴ ለይተው «መጣህ?» አሉ። «መኪና ጠፋ» አልኩ። «እንዲያ ነው፣ ይጠፋል» አሉ። «እግርህን ታጠብ፣ ደክሞሃል።» ከዚህ ሌላ ቃል አልወጣቸውም። ትናንትስ መኪና ነበረ ወይ ብለው አልጠየቁኝም። ቢጠይቁኝ ምን ይውጠኝ እንደነበር አላውቅም፤ ስላልጠየቁኝም እስካሁን አልተነፈስኩትም።

ሌሎች ሐኪሞች እስኪመጡ ከሁለት ዓመት በላይ አለፈ። ያኔ ከቀኑ ሦስት ቀን ቀድሜ መጥቼ፣ እጃቸውን ይዤ ወሰድኳቸው። ሐኪሙ በትንሽ መብራት አየና «ቆይቷል። ሞራው በስሎ ውስጡን ጎድቶታል። ቀደም ብላችሁ ብትመጡ…» አለ። ቃሉን አልጨረሰውም። አባቴ «እግዜር ይስጥልኝ» ብለው ተነሱ። ከዚያ በኋላ የሚያስተምሩት ከቃላቸው ነበር፤ ተማሪው ያነባል፣ እሳቸው በጆሯቸው ያርማሉ። አንድ ፊደል ሲዘለል ያውቁታል። ግን ብቻቸውን ሲሆኑ አንዳንዴ ብራናውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው በጣታቸው መስመሩን ሲከተሉ አያቸው ነበር። እኔ ያን ሳይ ከቤት እወጣለሁ። መውጣት የጀመርኩት ያኔ ነው፤ እነሆ እስከ ዛሬ እወጣለሁ።

እንግሊዝኛ አስተማሪ ሆንኩ። የእግዜር ቀልድ ይሆን? በየዓመቱ ያ ምዕራፍ ይመጣል። ሌላውን ምዕራፍ ተደግፌ አስተምራለሁ፤ ያንን ግን ከመስኮት በር፣ ከበር መስኮት እየተንጎራደድኩ ነው። ተማሪዎቼ «ኢፍ ሲደርስ ቲቸር ጊንጥ ይነድፈዋል» ይሉ ነበር። «ኢፍ ጋድ ሴድ» የሚል መልስ ባየሁ ቁጥር «ሴይዝ» የምትለውን ከላይ በእርሳስ ጽፌ ሙሉውን ነጥብ እሰጣለሁ። ተቆጣጣሪ አንድ ጊዜ ለምን ብሎ ወጥሮኝ ነበር፤ ክርክሩን ብነግረው ይስቃል፣ ሌላውን ብነግረው አይገባውም፣ «የአገሩ ልማድ ነው» ብዬ አለፍኩት። ይህንን የሳምቡሳ ወረቀት በቀይ የቀደደውንም መምህር ሄጄ ባገኘው ደስ ይለኛል። ምን እንደምለው ግን አላውቅም። እሱ እኮ ልክ ነው።

ልጄን ግን «ካለ» ማለትን አላስተምራትም። ትናንት «ቅዳሜ እመጣለሁ» ስትል «እግዜር ካለ በይ» የሚለው ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩ ዝም አልኩ። «አባ፣ ትሰማኛለህ?» አለች። «እሰማሻለሁ» አልኳት። ሚስቴ ጭንቀቴ ገብቷት «ደውልና ‹ካለ› አስብላት፣ እኛም እንረፍ» ብላኛለች። አልደወልኩም። የማልደውልበት ምክንያት ደግሞ አባቴ ከማረፋቸው ዓመት ያህል ቀደም ብለው የነገሩኝ ነገር ነው።

ያን ቀን ከቅዳሴ በኋላ ክንዳቸውን ይዤ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ወጣንና ድንጋይ ላይ ተቀመጥን። ማለት እሳቸው ተቀመጡ፣ እኔ ቆምኩ። ስንት ዓመት ሙሉ ስዞረው የኖርኩት ጥያቄ ሳላስበው ወጣ። «አባ፣ ያን ጊዜ፣ ለሐኪም አርብ እመጣለሁ ስልዎት፣ ‹እግዜር ካለ በል› ለምን አላሉኝም? ሁልጊዜ ይሉኝ ነበር።»

የትኛው አርብ እንደሆነ ይጠይቁኛል ብዬ ነበር። አልጠየቁኝም። የማያየውን ዓይናቸውን ወደ አስፋልቱ በኩል አዞሩ።

«ደስ ብሎኝ ነዋ» አሉ።

«ምኑ?»

«ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ሁሉ ‹እግዜር ካለ እመጣለሁ› ነው የሚለኝ። አንዱ ይመጣል፣ አንዱ ይቀራል። በቀረው አልቀየምም፣ እግዜር አላለም እላለሁ። እንዲያው ‹እመጣለሁ› ብቻ ያለኝ አንተ ነህ። ‹ካለ በል› ልልህ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ምንም ሳልቀላቅልበት እንዳለ ላቆየው ብዬ ዋጥሁት። አርብ እስኪደርስ አምስቱን ቀን ሙሉ ደስ ብሎኝ ነበር የከረምኩ፣ ልጄ።»